የቆዩ ቮልስዋገን አውቶሞቢሎችን የውስጥ ክፍል ከሙቀትና ከመንገድ ድምፅ ስለመከላከል

በተለምዶ «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራው ቮልስዋገን አውቶሞቢል በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ዛሬም በአገልግሎት ላይ ይገኛል። የዚህ መኪና የመጨረሻው ምርት በሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 በመሆኑ በመንገድ ላይ ከሚታዩት ቮልሶች መካከል ከሃያ ዓመት በታች ያገለገለ አይኖርም፤ አብዛኞቹም ዕድሜያቸው ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ፣ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ መጠቀም ለብዙ ባለንብረቶች ተመራጭ ሆኗል። በእድሳት ወቅት በብዛት ከሚጠየቁት ሥራዎች አንዱ የመኪናውን የውስጥ ክፍል ከሙቀትና ከድምፅ መከላከል ነው።

ሥራው ቀላል መስሎ ይታያል። የድሮው ሞኬት ይነሳል፣ ወለሉ ላይ አንድ ንጣፍ ይለጠፋል፣ አዲስ ሞኬት ይደረብበታል። ይሁን እንጂ ንጣፍ የሚሸፍነው ድምፅን ብቻ አይደለም። ዝገትን፣ የጭስ ፍሳሽን፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦንና ለዓመታዊ ምርመራ የሚያስፈልገውን የሻንሲ ቁጥርም ይሸፍናል። በዚህ ምክንያት መከላከያ ማልበስ የእድሳቱ የመጨረሻ ሥራ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም። ከዚህ በታች የቀረበው መረጃ በዋናነት የቮልስን አሠራር የተከተለ ነው፤ ስለ ዝገትና ስለ ማቴሪያል ምርጫ የተገለጸው ግን ለፊያት፣ ለፔጆና ለላዳ ባለንብረቶችም ያገለግላል።

ሙቀቱና ድምፁ የሚመጣበት

የቮልስ ሞተር በስተኋላ የሚገኝና በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ትልቅ ፋን ራሱ የድምፅ ምንጭ ሲሆን፣ በአዳዲስ መኪኖች ሞተሩን ከብቦ ድምፁን የሚያፍነው የውሃ ክፍል በቮልስ ላይ የለም። የወለሉ ላሜራ ቀጭንና ሰፊ በመሆኑ የጎማና የካምቢዮ ንዝረት ሲደርሰው እንደ ከበሮ ይጮኻል። የነፋስ ድምፅ ደግሞ በዋናነት ዕድሜ ባደረቃቸው የበርና የመስታወት ጎማዎች በኩል ይገባል።

ሙቀቱ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል። አንደኛው ፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ፣ ቀለሙ የጠቆረ መኪና የጣሪያ ላሜራ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ሁለተኛው ከኋላ መቀመጫ ጀርባ የሚገኘው የሞተር ክፍል ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመኪናው የራሱ ማሞቂያ ነው። በቮልስ ላይ ማሞቂያው የሚሠራው በጭስ ማውጫ ቱቦዎች ዙሪያ የሞቀው አየር ከበሮቹ ሥር ባሉት ቦዮች አልፎ ወደ ውስጥ እንዲገባ በማድረግ ነው። አየሩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ክዳኖች ከሞተሩ ግራና ቀኝ ይገኛሉ። ክዳኖቹ ዝገው ክፍት እንደሆኑ ከቀሩ ወይም የሚስባቸው ገመድ ከተበጠሰ፣ መኪናው ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ ቆላ ሲወርድም ቢሆን ማሞቂያው ሥራውን አያቆምም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ መኪና ወለሉ በምንም ዓይነት ንጣፍ ቢሸፈን አይቀዘቅዝም። ክዳኖቹን አጽድቶና ገመዱን ለውጦ እንዲዘጉ ማድረግ ከማንኛውም ንጣፍ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ፣ የሚሰጠው ውጤት ግን የላቀ ሥራ ነው።

ከመሸፈን በፊት መጠገን ያለበት

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይኸው የማሞቂያ መስመር ነው። የሞቀው አየር የሚያልፈው በጭስ ማውጫው ዙሪያ በመሆኑ፣ ውስጠኛው ቱቦ በዝገት ከተበሳ ወይም መጋጠሚያው ከላላ ጭስ ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ ተሳፋሪዎች ወዳሉበት ክፍል ይገባል። በጭሱ ውስጥ የሚገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድብታ ምልክቶቹ ናቸው፤ በረጅም መንገድ ላይ እነዚህን እንደ ተራ ድካም መቁጠር ለሕይወት አስጊ ነው። አሮጌ መኪና በየቀዳዳውና በየስንጥቁ አየር ስለሚያስገባ የገባው ጭስ በተወሰነ ደረጃ ይሳሳል። ለድምፅ መከላከያ ሲባል ስንጥቁ ሁሉ ከተደፈነ በኋላ ግን ያው ትንሽ ፍሳሽ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ የጭስ ማውጫው፣ የማሞቂያ ሳጥኖቹና ማርሚታው በሊፍት ወይም በፎሳ ላይ ተመርምረው ጤናማ መሆናቸው ሳይረጋገጥ ክፍሉን ማሸግ አይገባም። የጠቆረ የጥላሸት ምልክት በመጋጠሚያ ላይ ከታየ ፍሳሽ መኖሩን ያመለክታል።

ቀጥሎ የሚታየው በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ ነው። ይህ ጎማ ሞተሩን የሚከብበውን ላሜራ ከመኪናው አካል ጋር በማገናኘት የሞተር ክፍሉን ከሥር ካለው የጋለ አየር ይለያል። ጎማው በሌለበት መኪና ፋኑ ከጭስ ማውጫው አካባቢ የሞቀ አየር መልሶ ይስባል። በዚህም ሞተሩ ያለ መጠን ይግላል፣ ሙቀቱም በኋላ መቀመጫው ጀርባ በኩል ይሰማል። ብዙ ቮልሶች ሞተራቸው ወርዶ በተጫነ ቁጥር ይህ ጎማ እየተጣለ ስለቀረ አለመኖሩ የተለመደ ነገር መስሏል።

የበር ጎማዎችን ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ወረቀት በበሩና በአካሉ መካከል አስገብቶ በሩን መዝጋትና ወረቀቱን መሳብ በቂ ነው። ወረቀቱ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ በዚያ ቦታ ነፋስ፣ አቧራና የዝናብ ውሃ ይገባል። በአብዛኛው በከፍተኛ ፍጥነት የሚሰማውን ጩኸት የሚቀንሰው የወለል ንጣፍ ሳይሆን አዲስ የበር ጎማ ነው። በአንድ በኩል የተበላ ጎማና ያረጀ ኩሽኔታም ተመሳሳይ ጩኸት ያሰማሉ፤ እነዚህ የደህንነት ጉድለቶች በመሆናቸው ድምፃቸውን ማፈን ሳይሆን ምክንያቱን ማስወገድ ይገባል።

ባትሪው

የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው። የመቀመጫው ሞላዎች ብረት ናቸው፤ የድሮው ሙሌት ደግሞ የፈረስ ፀጉርና የኮኮናት ጭረት በመሆኑ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ባትሪው ክዳን ሳይኖረው ሲቀር ወይም በቁመት የሚበልጥ ሌላ ባትሪ ሲገባበት፣ ከባድ ሰው ከኋላ በተቀመጠ ጊዜ ሞላው የባትሪውን ጫፎች ነክቶ መቀመጫውን ሊያቃጥል ይችላል። ይህ በመላው ዓለም የዚህ መኪና ባለንብረቶች የሚያውቁት የቃጠሎ መንስኤ ነው።

በገበያ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ የንዝረት መከላከያ ንጣፎች ላያቸው በአሉሚኒየም የተሸፈነ ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ በመሆኑ በባትሪው ዙሪያና ከመቀመጫው ሥር በኩል መለጠፍ አደጋውን ያባብሳል። በዚህ ቦታ የሚገባው ወፍራም የጎማ ወይም የፕላስቲክ ክዳን ሲሆን፣ ባትሪውም በማሰሪያው ሳይነቃነቅ መያዝ አለበት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ መፈታት ይኖርበታል፤ ባትሪው ራሱ ከመኪናው ቢወጣ ደግሞ የተሻለ ነው።

የወለል ላሜራና ዝገት

ባትሪው ያለበት ቦታ ከወለሉ ሁሉ አስቀድሞ የሚበላው ክፍል ነው፤ ከባትሪው የሚፈሰው አሲድ ቀለሙን ልጦ ላሜራውን ያሳሳዋል። አሲዱ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ካልታጠበ አዲስ ቀለም ቢቀባም ዝገቱ ከሥር ይቀጥላል። የወለሉ ሁኔታ የሚታወቀው በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን እያደረጉ በመፈተሽ ነው። የሚሰረጉድ ወይም የሚፈረፈር ቦታ ካለ በስቱኮ መሙላት፣ በፋይበር መለጠፍ ወይም በሬንጅ መሸፈን ጥገና አይባልም። የቮልስ ወለል መቀመጫዎቹ የሚታሰሩበት በመሆኑ በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን የሚይዘው እርሱ ነው። የተበላው ክፍል ተቆርጦ በባትላሜራ ባለሙያ አዲስ ላሜራ ሊበየድበት ይገባል።

ብየዳው ሁሉ ከንጣፉ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ንጣፍ ከተለጠፈ በኋላ ከሥር የሚደረግ ብየዳ ከላይ ያለውን ሙሌትና ማጣበቂያ ያቀጣጥላል፤ የሚበይደው ሰው ከመኪናው ሥር ስለሚሆን እሳቱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ወደፊት ጥገና ሲያጋጥም ባለንብረቱ በመኪናው ውስጥ ንጣፍ መኖሩን አስቀድሞ ለጋራዡ ማስታወቅ ይኖርበታል።

ከበሮቹ ሥር ያሉትን የማሞቂያ ቦዮች በሚያብጥ ፎም መሙላት በአንዳንድ ጋራዦች ይሠራበታል። ድምፅ ይቀንሳል መባሉ በከፊል እውነት ቢሆንም ፎሙ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ የመኪናውን አካል የተሸከመውን ክፍል ከውስጥ ያዝገዋል፤ የማሞቂያውንና የፊት መስታወት ጉም ማጥፊያውን አየርም ይዘጋል። ይህ ሥራ ፈጽሞ ሊሠራ አይገባም። በበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ላይ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም በምንም ዓይነት ንጣፍ መደፈን የለባቸውም።

የማቴሪያል ምርጫ

ድምፅን ለመቀነስ የሚያገለግሉ ማቴሪያሎች ሥራቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይተካም። የመጀመሪያው ንዝረትን የሚገታ ንጣፍ ሲሆን በአብዛኛው ከቡቲል ጎማ ይሠራል። ተግባሩ ላሜራው እንዳይጮኽ ማድረግ ነው። ለዚህም ወለሉን ከዳር እስከ ዳር መሸፈን አያስፈልገውም፤ ከእያንዳንዱ ሜዳ ላሜራ መካከለኛው ክፍል ሩብ ወይም ሲሶው ቢሸፈን አብዛኛው ውጤት ይገኛል። ላሜራው በጣት ሲመታ የሚያሰማው የሚያቃጭል ድምፅ ወደ ደነዘዘ ድምፅ ከተለወጠ በቂ ነው። ሁለተኛው ክብደት ያለው ንጣፍ ሲሆን ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ያግዳል። በዚህ ረገድ የታወቀው ሕግ የንጣፉ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል የሚለው ነው። ይህም የመጀመሪያው ኪሎ ብዙ እንደሚሠራ፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ግን ዋጋው እያነሰ እንደሚሄድ ያሳያል። ሦስተኛው ውሃ የማይመጥ ስፖንጅ ሲሆን ከባዱን ንጣፍ ከላሜራው ይለያል፣ ሙቀትንም ይከላከላል።

ክብደቱ በቮልስ ላይ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የቡቲል ንጣፍ በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም፣ ከባዱ ንጣፍ ደግሞ ወደ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ባለ 1200 ሲሲው ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ ይህም በባሕር ወለል ላይ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። መኪናውን ከዳር እስከ ዳር በሁለት ድርብ የሸፈነ ባለንብረት የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ልዩነቱን ያየዋል።

በርካሽነቱ የሚመረጠው የቤት ጣሪያ ሬንጅ ንጣፍ ለመኪና ውስጥ አይመከርም። በፀሐይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ከቆመ ላሜራ ላይ ይንሸራተታል፣ ሽታውም ለረጅም ጊዜ አይለቅም። በነበልባል እያሞቁ መለጠፍ ደግሞ የነዳጅ መስመር ባለበት መኪና ውስጥ ሊሞከር የማይገባው ነው። ተራ የፍራሽ ስፖንጅም ውሃ መጦ ስለሚይዝና በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በወለል ላይ ሊነጠፍ አይገባም።

የመቀጣጠል ባሕርይ በሻጭ ቃል ብቻ መታመን የለበትም። በአሜሪካ የሚሠራበት ኤፍ.ኤም.ቪ.ኤስ.ኤስ 302 የተባለው ደረጃ በመኪና ውስጥ የሚገባ ማቴሪያል በደቂቃ ከ102 ሚሊሜትር በበለጠ ፍጥነት እንዳይነድ ያስገድዳል። አስመጪው ይህን ወይም አይ.ኤስ.ኦ 3795ን የሚጠቅስ ማስረጃ ካለው መጠየቅ ተገቢ ነው። ማስረጃ ከሌለ ትንሽ ቁራጭ ከቤትና ከመኪና ርቆ፣ ውሃ በአጠገብ ይዞ በክብሪት መፈተን ይቻላል። ክብሪቱ ከተነሳ በኋላ መንደዱን የሚቀጥል ወይም እየነደደ የሚንጠባጠብ ማቴሪያል ወደ መኪና መግባት የለበትም።

የሚያብረቀርቅ ፎይልን በተመለከተ በሰፊው የሚታይ ስህተት አለ። ፎይል ሙቀትን የሚመልሰው ፊት ለፊቱ ክፍት አየር ሲኖር ብቻ ነው። በላሜራውና በሞኬቱ መካከል ተጣብቆ ሲቀመጥ ሙቀቱን ያስተላልፋል እንጂ አይመልስም። በወለል ላይ ሙቀትን የሚከላከለው ስፖንጁ ነው፤ ፎይሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት በሚገኝበት በጣሪያና በበር ሽፋን ጀርባ ጥቅም ይሰጣል።

ጣሪያ፣ በሮችና መስታወት

በቆላ ለሚያሽከረክር ሰው ከወለሉ ይልቅ ጣሪያው ትኩረት ሊሰጠው ይገባል። ነገር ግን የቮልስ የጣሪያ ጨርቅ ጠርዙ በፊትና በኋላ መስታወት ጎማዎች ሥር ገብቶ የተጣበቀ በመሆኑ መስታወቶቹ ሳይወጡ በትክክል ሊነሳ አይችልም። ለንጣፉ ብቻ ብሎ ጤናማ ጨርቅ ማስነሳት ብዙውን ጊዜ ጨርቁን ቀዶ መመለስ ይሆናል። ተስማሚው ጊዜ የመስታወት ጎማ ወይም ቀለም በሚለወጥበት ጊዜ ነው። በጣሪያ ላይ ከባድ ንጣፍ አይለጠፍም፤ ጥቂት የቡቲል ቁራጭና ቀላል ስፖንጅ ይበቃል። ጣሪያውን ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም መቀባትም ሙቀቱን በሚታይ መጠን ይቀንሳል፤ ሆኖም በሊብሬው ላይ የተመዘገበው ቀለም የሚለወጥ ከሆነ አስቀድሞ ተሽከርካሪው ለተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ያስፈልጋል።

በበሮች ውስጥ ከካርቶኑ ሽፋን ጀርባ ያለው ውሃ መከላከያ ፕላስቲክ መመለስ አለበት። ፕላስቲኩ ሲቀር በመስታወቱ በኩል የሚወርደው ውሃ ካርቶኑን ያሳብጠዋል፣ አዲሱንም ሞኬት ያርሳል። መስታወት ላይ የሚለጠፉ የሚያጠቁሩ ፕላስቲኮች የአሽከርካሪውን እይታ በተለይ በማታ ስለሚቀንሱ ከመለጠፋቸው በፊት የፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ይገባል።

የሞተር ክፍል

ፋብሪካው በሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ የገጠመው ድምፅ አፋኝ ካርቶን በብዙ መኪኖች ላይ ፈርሷል። በአዲስ ሲተካ በማጣበቂያ ብቻ ሳይሆን በብረት መያዣ መታሰር አለበት፤ የላላ ንጣፍ ወደ ፋኑ አፍ ተስቦ የሞተሩን ማቀዝቀዣ አየር ይዘጋል። ከኋላ መስታወት ሥር ያሉት የአየር ማስገቢያ ሽንትሮችም ለድምፅ ሲባል አይደፈኑም። በዚሁ አጋጣሚ በሞተሩ አጠገብ ያሉት የጎማ የነዳጅ ቱቦዎች መታየት አለባቸው። ላያቸው በጨርቅ የተሸፈኑት አሮጌ ቱቦዎች ስንጥቃቸው ስለማይታይ ዕድሜያቸው ካልታወቀ መለወጥ ይሻላል።

በድሮ መኪኖች ሙቀት መከላከያዎችና ማሸጊያዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። አስቤስቶስ ብናኙ ሲተነፈስ ካንሰር የሚያስከትል በመሆኑ ምንነቱ ያልታወቀ ግራጫ ካርቶን በደረቁ መፋቅ፣ መቦረሽ ወይም በአየር ግፊት መንፋት ክልክል ሊሆን ይገባል። በውሃ አርሶ፣ ተስማሚ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ፣ ሳይሰባበር በፕላስቲክ ከረጢት ማሸግ ያስፈልጋል። የማስቲሽ ትነትም ተቀጣጣይ ስለሆነ ሥራው በሮች ተከፍተው፣ ከብየዳና ከሲጋራ ርቆ መከናወን አለበት።

የሻንሲ ቁጥርና ዓመታዊ ምርመራ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ ይመረመራሉ፤ በምርመራውም የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር የተመታው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በወለሉ መካከል በሚያልፈው ቦይ ጀርባ ላይ ነው፤ ይህም ንጣፍ አልባሾች አዘውትረው የሚሸፍኑት ቦታ ነው። ቁጥሩ በንጣፍ፣ በሬንጅ ወይም በወፍራም ቀለም መሸፈን የለበትም። በዚያ ቦታ ዝገት ሲጸዳም በሞላና በብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን በለስላሳ ጨርቅና በዝገት ማላቀቂያ ዘይት መሆን አለበት፤ ከዚያም በስሱ ግራሶ መቀባት ይበቃል። ቁጥሩ በዝገት ተበልቶ የማይነበብ ሆኖ ከተገኘ ባለንብረቱ በራሱም ሆነ በጋራዥ ዳግም ማስመታት አይገባውም፤ ሥራውን አቁሞ ሊብሬውን በመያዝ ፋይሉ ለሚገኝበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ማመልከት ይኖርበታል።

ከጋራዥ ጋር በሚደረግ ስምምነት የሚለጠፈው ማቴሪያል ዓይነትና ውፍረት፣ የሚሸፈኑት ቦታዎችና ሳይሸፈኑ የሚቀሩት በጽሑፍ ቢሰፍሩ፣ ወለሉም ከመሸፈኑ በፊት ፎቶግራፍ ቢነሳ ኋላ ላይ ለሚነሳ ክርክር ማስረጃ ይሆናል። ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለው ሞኬት ሳይጣበቅ፣ ያለ መሣሪያ የሚነሳ ሆኖ መሠራት አለበት፤ ባትሪውም የሻንሲ ቁጥሩም የሚታዩት በዚያ በኩል ነው። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላም በአሽከርካሪው እግር ሥርና በኋላ ማዕዘኖች ያለው ሞኬት ተነስቶ ስፖንጁ በእጅ ይፈተሻል። ርጥበት ከተገኘ ንጣፉ ሳይደርቅ አይመለስም፤ ውሃው የገባበት ቦታ በመጀመሪያ ተፈልጎ ይዘጋል።